በሸክላ ዕቃ የተቀመጠ ውል፦ ስለ ግል ወረቀቶች፣ ስለ ብራና መጻሕፍትና ስለ ቤተ መዛግብት

ነቢዩ ኤርምያስ መሬት በገዛበት ጊዜ ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከብባ ነበር። ነቢዩ ራሱም በግዞት ቤት አደባባይ ታስሮ ሳለ የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻ እንዲገዛው ለመነው። ኤርምያስም 17 ሰቅል ብር በሚዛን መዝኖ ሰጠ፤ ውሉን ጻፈ፤ ምስክሮች አቁሞ አተመው። ከዚያም የታተመውንና ክፍቱን ሁለቱንም ጽሑፍ ለባሮክ አስረክቦ፣ ለብዙ ዘመን ሳይጠፉ እንዲቆዩ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖራቸው አዘዘው (ኤር. 32፡6-15)። ይህ ምዕራፍ ብዙ ጊዜ የሚሰበከው ስለ ተስፋ ነው፤ ተገቢም ነው። እኛ ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ ገጾች ሁሉ ለመርካቶ ሰው እንደዚህ ቅርብ የሆነ ያለ አይመስለንም። ሚዛን አለ፤ ብር አለ፤ ምስክር አለ፤ በሁለት ቅጂ የተጻፈ ውል አለ፤ ወረቀቱ የሚቀመጥበትም ዕቃ አለ። እግዚአብሔር ለሕዝቡ የሰጠው የመመለስ ተስፋ በአንድ የሽያጭ ውል ላይ ተጽፎ ተቀመጠ።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ በዚህ ትምህርት ልንነጋገርበት የፈለግነው ጉዳይ ከአንዳንዶቻችሁ ዘንድ «ይህ የምሁራን ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል። ጉዳዩ በሞት የተለዩን ወላጆቻችንና አያቶቻችን ትተውልን የሄዱት ወረቀት ነው። ይኸውም ደብዳቤዎቻቸው፣ የሒሳብ ደብተሮቻቸው፣ የዕለት ማስታወሻዎቻቸው፣ የዕቁብና የዕድር መዝገቦቻቸው፣ እንዲሁም በአንዳንድ ቤት የሚገኙት የብራና መጻሕፍት ወዴት መሄድ ይገባቸዋል የሚል ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዛግብት የሚገባው የንጉሥና የሚኒስትር ወረቀት ብቻ ነው ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን እኛ የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሳችን ጥፋት ነው፤ ጥፋቱንም ሳንደብቅ ቀጥለን እንናገራለን።

እንደሚታወቀው መርካቶ ስሙን ያገኘው ገበያ ማለት ከሆነው የጣልያንኛ ቃል ነው። ወራሪዎቹ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማችንን ይዘው በቆዩበት ጊዜ፣ በአራዳ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረውን ታላቅ ገበያ ለአገሬው ሕዝብ ወደ ከለሉት ወደ ምዕራቡ ሰፈር አዛወሩት፤ እነርሱ ከሄዱ በኋላም ገበያው በዚያው ጸና። ከጉራጌ፣ ከመንዝ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሐረር የመጣው ሕዝብ ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ሸራ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ እያለ ሥራውን በየመደቡ ዘረጋ። እያንዳንዱም ተራ ከዕቃው ጋር ወረቀት አበዛ። የዱቤ ደብተር የሌለው ባለ ሱቅ፣ መዝገብ የሌለው የዕቁብ ጸሐፊ፣ ከአገር ቤት የመጣ ደብዳቤ በኪሱ ያልያዘ ተሸካሚ አይገኝም ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። የዚህን ሕዝብ ኑሮ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ፋይል ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ወረቀት ነው።

ይሁንና መርካቶ ወረቀት የሚያበዛውን ያህል ወረቀት ይበላል። በልጅነታችን ስኳርም ሆነ በርበሬ የምንገዛው በደብተር ቅዳጅ ወይም በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልሎ ነበር፤ ከእኛ መካከል ማንበብን ያለመደው ጥቅልሉን እየፈታ የነበረ ሰውም አለ። ዛሬ መጠቅለያው ቢለወጥም አሮጌ ወረቀት በኪሎ መሸጡ አልቀረም። «ቆራሊዮ!» የሚለው ድምፅ በመንደራችን ሲያልፍ ባዶ ጠርሙሱም፣ የተሰበረው ብረትም፣ የአባት ደብተርም በአንድ ጆንያ ይገባል። ቆራሊዮውን ልንወቅስ አይገባንም፤ እርሱ የሚተዳደረው እኛ አያስፈልገንም ባልነው ነገር ነው።

ጥፋታችን እንዲህ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሸማ ተራ ረጅም ዘመን የነገዱ፣ እሑድ እሑድም ከቅዳሴ በኋላ ከአገር ቤት ለሚመጡ ልጆች ትምህርተ ክርስቶስ ያስተምሩ የነበሩ አንድ አረጋዊ ምእመን ዐረፉ። አርባቸው ከወጣ በኋላ ልጃቸው ስልክ ደውላ፣ «አባ፣ የአባታችን ሣጥን በወረቀት ሞልቷል፤ ቤቱም ጠባብ ነው፤ ምን እናድርገው?» ብላ ጠየቀች። ከእኛም አንዱ፣ በቅንነት ነገር ግን ባለማወቅ፣ «ልጄ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ለይታችሁ አምጡልን፤ የንግዱ ለእናንተው ይሁን» ብሎ መለሰላት።

ቤተ ሰቡ ታዛዥ ነበር። በሣጥኑ ውስጥ ከነበሩት ነገሮች አንዱ ጠንካራ ልባስ ያለው ትልቅ የሒሳብ መዝገብ ነው። ሟቹ ይህን መዝገብ ከአንደኛው ወገን ሲገልጡት የሱቁን ዱቤ፣ ገልብጠው ከሌላው ወገን ሲገልጡት ደግሞ የሚያስተምሯቸውን ልጆች ስም ይጽፉበት ነበር። ወረቀት ውድ በነበረበት ዘመን እንዲህ ማድረግ የተለመደ ነው። ልጆቻቸውም የታዘዙትን ለመፈጸም መዝገቡን ከመካከሉ በምላጭ ከፍለው፣ የትምህርቱን ክፍል በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው አመጡልን፤ የዱቤውን ክፍል ከአሮጌ ጋዜጦች ጋር ለቆራሊዮ ሰጡት። ነገሩ የገባን በሳምንቱ ነው። ወደ ምናለሽ ተራ ሄደን ብንጠይቅም፣ ወረቀት በዚያ አንድ ቀን እንኳ እንደማያድር እየሳቁ ነገሩን።

በእጃችን ስለ ቀረው ግማሽ መዝገብ በመጨረሻ እንመለስበታለን። አስቀድመን ግን የግል ወረቀት ምን እንደሆነና ስለምን እንደሚጠበቅ እንመልከት።

ለብራና መጽሐፍ ያለን አክብሮት የቆየ ነው። ቆዳውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ለወራት አጎንብሶ የጻፈውን ሰው ድካም ማንም ያያል። ስለዚህ ዳዊት ወይም ተአምረ ማርያም ሲያገኝ የሚጥለው ሰው የለም፤ አደጋው ሌላ ነው፤ ለአገር ጎብኚ ይሸጣል፣ ወይም ቅጠሎቹ እየተነጠሉ በላያቸው ሥዕል ይሣልባቸዋል። የብራና መጻሕፍትን የመሰሉ ቅርሶችን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 የተከለከለ መሆኑን አንባብያን ልብ እንዲሉ እንፈልጋለን። የግል ወረቀት ግን እንዲህ ያለ ግርማ የለውም። በክብሪት ሳጥን ጀርባ ላይ የተጻፈ ሒሳብ፣ እናት ለልጇ በሰው እጅ ያስጻፈችው ደብዳቤ፣ የሠርግ ወጪ ዝርዝር ማንንም አያስደንቅም። ክብሩን የሚያገኘው አንድ ሰው በሕይወቱ ሳለ ካከማቻቸው ሌሎች ወረቀቶች ጋር አብሮ ሲገኝ ነው።

ከሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት አንዱ የግል ደብዳቤ መሆኑን እናስታውስ። ወደ ፊልሞና የተላከው መልእክት 25 ቁጥር ብቻ ነው። ስለ አንድ ኮብላይ ባሪያ ለአንድ ባለ ቤት፣ ለእኅት አፍብያና ለአርክጳ፣ በቤታቸውም ለምትሰበሰበው ማኅበር የተጻፈ ነው። በመካከሉም ሐዋርያው ኦኔሲሞስ ያለበትን ዕዳ እርሱ ራሱ እንደሚከፍል በገዛ እጁ ጽፎ ያረጋግጣል (ፊል. 18-19)። የመርካቶ ሰው ይህን የዋስትና ወረቀት ይለዋል። የፊልሞና ወራሾች የሃይማኖቱን ለይተው የዕዳውን ጥለው ቢሆን ኖሮ ምን ይቀርልን እንደነበር ማሰብ አያዳግትም።

በአገራችን የግል ወረቀትና የብራና መጻሕፍት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ መሰብሰብ የጀመሩበት ታሪክ ከቤተ ክርስቲያናችን ልጆች አገልግሎት ጋር የተያያዘ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በአራት ኪሎ ሥራውን ሲጀምር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ሉስየን ማት ነበሩ። የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሖይናትስኪም ከመደበኛው መጽሐፍ በተጨማሪ የአገሪቱን ጽሑፎች፣ ሥዕሎችና መስቀሎች በትዕግሥት ማሰባሰብ ጀመሩ። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ከሰጡ በኋላ፣ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተ። ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዲሬክተር፣ ሖይናትስኪ ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱና የቤተ መዘክሩ ኀላፊ ሆኑ። ከመርካቶ ስድስት ኪሎ ሩቅ አይደለም። ነገር ግን ከመርካቶ ተነሥቶ ወደዚያ የሄደ ወረቀት ምን ያህል ይሆን ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ የሚያስደስት አይመስለንም።

ወደ ተቋሙ የገቡትና በሌላም መንገድ የተረፉት ወረቀቶች ምን እንዳስገኙ ጥቂት ምሳሌ እንጥቀስ። ባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» የቀድሞውን አስተዳደር፣ ግብሩንና የመሬቱን ሥርዓት የሚያሳዩ ጽሑፎችን አሰባስበዋል፤ ያን መጽሐፍ ሳይጠቅስ ስለዚያ ዘመን የሚጽፍ የታሪክ ሰው የለም ለማለት ይቻላል። በአባታቸው በወልደ መስቀል ታሪኩ ስም የተሰየመው የመዛግብት ማእከልም በዚሁ ተቋም ሥር ለተመራማሪዎች ሲያገለግል የቆየ ነው። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ያዩትንና የሰሙትን በየጊዜው ጽፈው አኖሩ፤ ጽሑፋቸው ታትሞ ለሕዝብ የደረሰው ግን በ1999 ዓ.ም. ነው። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት የሕይወት ታሪክም እርሳቸው ካረፉ ሩብ ምዕተ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ፣ በለውጡም በፍተሻውም ዘመን፣ ጽሑፉን ማን እንዳቆየው እናስብ። ሣጥን ያልከፈተ ሌባ፣ ክዳን ያልበላ አይጥ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ይህን ምን ያደርግልናል?» ያላለ ዘመድ አስፈልጓል።

ለእኛ ለካቶሊካውያን በተለይ የሚቀርበው የአጽመ ጊዮርጊስ ገብረ መሲሕ ነገር ነው። እኒህ ሊቅ በካፑቺን ልዑካን በኩል የካቶሊክን እምነት የተቀበሉ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ያገለገሉና ስለ ኦሮሞ ሕዝብ ታሪክና ስለ ሸዋ መንግሥት ሰፊ መጽሐፍ የጻፉ ሰው ናቸው። ሥራቸው በሕይወታቸው ሳሉ ማተሚያ ቤት አልገባም። ዐረፉ፤ መጽሐፉም በእጅ ጽሑፍ እንዳለ ቆየ። በመጨረሻ ባይሩ ታፍላ አማርኛውን ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1987 በጀርመን አገር ሽቱትጋርት ሲያሳትሙት፣ ከደራሲው ሞት 70 ዓመት ያህል አልፎ ነበር። በየቁምስናችን ስማቸውን የሚያውቅ ስንት ሰው ይገኛል? ካርዲናል ማስያስ ከአገራችን ከወጡ በኋላ በእርጅና ዘመናቸው የጻፉት የ35 ዓመት ትዝታ ከ1885 እስከ 1895 እ.ኤ.አ. በ12 ቅጽ ታትሞ በየአገሩ ተነቧል፤ እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1860 በመካከላችን የኖሩት አቡነ ያዕቆብ የጻፉት የዕለት ማስታወሻም ተጠብቆ ለቅድስናቸው ምርመራና ለታሪክ ጸሐፊዎች ጠቅሟል። የውጭ አገር ልዑካን ማኅበር ነበራቸው፤ ማኅበሩም ቤተ መዛግብት ነበረው። ከእነርሱ ጋር የደከሙት ኢትዮጵያውያን ካህናትና መምህራን ግን የነበራቸው ሣጥን ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ሲጻፍ የእንግዳው ድምፅ ጎልቶ የባለ አገሩ ድምፅ ሲያንስ ብናይ፣ ጉድለቱን በታሪክ ጸሐፊው ላይ ብቻ መጣል አይገባም።

ከብራና መጻሕፍት ወገን የተሠራውን ታላቅ ሥራም ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ድርጅት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፈቃድና ትብብር፣ በአሜሪካ በሚኔሶታ ክፍለ ሀገር ካለው የቅዱስ ዮሐንስ የቤኔዲክታውያን ገዳም ቤተ መጻሕፍት ጋር በመተባበር ወደ 9000 የሚደርሱ የብራና መጻሕፍትን ፎቶግራፍ አነሣ። መጻሕፍቱ በየባለቤቶቻቸው እጅ ቀሩ፤ የተወሰደው ምስላቸው ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1968 ዓ.ም. ወታደሮች ሊይዟቸው በመጡ ጊዜ በጥይት ቆስለው ከወገባቸው በታች ሽባ ከሆኑ በኋላ፣ ወደዚያው ገዳም ቤተ መጻሕፍት ሄደው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ እነዚህን መጻሕፍት በማንበብና በመግለጽ ኖሩ። አንድ የኦርቶዶክስ ሊቅና የካቶሊክ መነኮሳት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለአገራችን ቅርስ መሥራታቸው፣ ስለ አንድነት ከሚደረጉት ብዙ ስብሰባዎች የማያንስ ፍሬ ያለው ነው ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ አሠራሩ እንመለስ፤ ጥፋታችንም የደረሰው እዚህ ላይ ነው። ቤተ መዛግብት አንድን የወረቀት ክምችት ሲቀበል የሚጠብቀው ትልቁ ሕግ ክምችቱን ባለቤቱ በተወው ሥርዓት መያዝ ነው። የአንዱን ሰው ወረቀት ከሌላው ጋር አይቀላቅልም፤ ደብዳቤውን ከደብዳቤ፣ ሒሳቡን ከሒሳብ ጋር በርእስ አይበታትንም። ባለቤቱ በአንድ ፖስታ ውስጥ የጥምቀት ምስክር ወረቀትና የበግ መግዣ ደረሰኝ አብሮ አስቀምጦ ከሆነ፣ አብረው እንዲቆዩ ያደርጋል፤ ምናልባት በጉ የተገዛው ለክርስትናው ድግስ ነው። ሥርዓቱ ራሱ ምስክር ነውና። በየቤታችን ግን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። እናጸዳለን፤ እንለያለን፤ «ጠቃሚውን» አስቀርተን ሌላውን እንጥላለን። ዛሬ ጠቃሚ የመሰለን ነገር ከ50 ዓመት በኋላ ለሚመጣው ጠያቂ ጠቃሚ መሆኑን ማን ነገረን?

ስለዚህ ሣጥን የወረሰ ቤተ ሰብ አስቀድሞ ማድረግ የሚገባው ቀላል ነው፤ እንዳለ መተው። እርጥበት ካለበት ከመሬት አንሥቶ ደረቅና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ያኑረው። የተቀደደውን በፕላስተር አይለጥፈው፤ ፕላስተሩ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋልና። ላሚኔት ማስደረግም ለመታወቂያ ይጠቅም ይሆናል እንጂ ለአሮጌ ሰነድ መልካም አይደለም፤ አንዴ ከታሸገ በኋላ ሳይጎዱ ማላቀቅ አስቸጋሪ ነው። የዛገ አግራፍ ካለ በቀስታ ማውጣት ይቻላል። ከፎቶግራፍ ጀርባ የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን በለስላሳ እርሳስ መጻፍ ትልቅ ውለታ ነው፤ በፎቶው ላይ ያሉትን ለይተው የሚያውቁ እናቶች በሕይወት ሳሉ ይህ ቢደረግ መልካም ነው፤ ከእነርሱ በኋላ የሚጠየቅ አይኖርም። ከዚያም በአንድ ወረቀት ላይ ሣጥኑ የማን እንደነበረ፣ ማን እንዳቆየው፣ ከየት ወዴት እንደተዛወረ ጽፎ አብሮ ማስቀመጥ ነው።

ወረቀቱን ለተቋም መስጠት ሲታሰብ ስጦታና አደራ የተለያዩ መሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። በስጦታ የተሰጠው የተቋሙ ሀብት ይሆናል፤ በአደራ የተቀመጠው ባለቤቱ የሚመልሰው ነው። ሁለቱም በጽሑፍ ውል መሆን አለባቸው፤ በቃል ብቻ የተሰጠ ወረቀት በሚቀጥለው ትውልድ ጠብ ያስነሣል። በተጨማሪም የወረቀቱ ባለቤትነትና የቃሉ ባለቤትነት አንድ አይደለም። ለአባታችሁ የተላከ ደብዳቤ ወረቀቱ የእናንተ ቢሆንም ቃሉ የላኪው ነው፤ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ዩኒቨርሲቲውም ብቸኛው መጠጊያ አይደለም፤ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ወመዘክር፣ ዛሬ በ1991 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 179 የሚተዳደረው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ለግል ሰነዶችም በሩ ክፍት ነው።

የኅሊና ጥያቄም አለ፤ ብዙ ቤተ ሰቦች የሚያመነቱት በዚህ ነው። በሣጥን ውስጥ የሚገኘው ሁሉ የሚነገር አይደለም። ያልተከፈለ ዕዳ፣ ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ልጅ፣ በወንድማማች መካከል የነበረ ክስ ሊገኝ ይችላል። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደግሞ በየቤቱ ፍተሻ ሲካሄድ፣ ስንት ሰው ደብዳቤውንና ፎቶግራፉን በምድጃ እንዳቃጠለ እናውቃለን፤ ያ ፍርሃት ከብዙዎቻችን እስከ ዛሬ አልወጣም፤ የሚያስነቅፍም አይደለም። ለዚህ መፍትሔው እሳት ሳይሆን ጊዜ ነው። ሰጪው «ይህ ክፍል እስከዚህ ዓመት ድረስ እንዳይከፈት» ብሎ በውሉ ላይ ማስጻፍ ይችላል። የቤተ ክርስቲያን ሕግም ይህን ጥበብ ያውቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ጳጳሱ ቤተ መዛግብት እንዲያቋቁም ሲያዝ (ቁ. 256)፣ ለምሥጢር ሰነዶች የተለየ ስፍራ እንዲኖርም ይደነግጋል። ሆኖም የነፍስ አባት ስለ ኅሊና ጉዳይ የጻፈው ደብዳቤ ሲገኝ፣ ቤተ ሰቡ ለማንም ከማሳየቱ በፊት ከቆሞሱ ጋር እንዲመክር እንለምናለን። የጥምቀት፣ የጋብቻና የሙታን መዝገብ ደግሞ የግል ወረቀት አይደለም፤ በቁምስናው ቤተ መዛግብት የሚጠበቅ ነውና (ቁ. 296) በማንም ሣጥን ቢገኝ ወደ ቁምስናው መመለስ አለበት።

በጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ ያወደመውን ንብረት ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። በዚያ ሌሊት ስለ ወረቀት ያሰበ አልነበረም፤ ሊያስብም አይገባውም ነበር። ነገር ግን የአንድ ሱቅ የ40 ዓመት ሒሳብ በአንድ መደርደሪያ ላይ ብቻ መኖሩ ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ ወዲህ የገባቸው ነጋዴዎች ነግረውናል። ኤርምያስ ሁለት ቅጂ ያስጻፈው በከንቱ አልነበረም። ዛሬ በየሰው እጅ ባለው ስልክ ገጾቹን በቀን ብርሃን በተራ ማንሣትና ቅጂውን በሌላ ቤት ማስቀመጥ ለማንም አይከብድም። ዋናውን አይተካም፤ ዋናው ቢጠፋ ግን ያጽናናል።

ቅድስት መንበር በባህል ቅርስ ጳጳሳዊ ኮሚሲዮን በኩል እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ ቤተ ክርስቲያን ቤተ መዛግብት ሐዋርያዊ አገልግሎት ለጳጳሳት በጻፈችው ደብዳቤ፣ መዛግብት የማኅበረ ክርስቲያን መታሰቢያ ስለሆኑ የእረኝነት ሥራ አካል መሆናቸውን አስተምራለች። እኛም ይህን ካነበብን በኋላ ነው ያ ግማሽ መዝገብ ከምስክር ወረቀቶች በታች ተረስቶ ከነበረበት መሳቢያ ያወጣነው።

መዝገቡ የሚጀምረው ከጀርባው ነው። በየመስመሩ የልጁ ስም፣ የክርስትና ስሙ፣ የመጣበት አገር፣ በመርካቶ ያደረበት ቤት፣ የተጠመቀበት ቀንና የክርስትና አባቱ ስም በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ሰፍረዋል። ብዙዎቹ ከእምድብርና ከአካባቢው የመጡ ናቸው። ከሠላሳ በሚበልጡት ስሞች መጨረሻ ላይ ደግሞ በቀይ እርሳስ ቁጥር ብቻ ተጽፏል፤ 14፣ 22፣ 37፣ እንደገና 22። ለረጅም ጊዜ ትርጉሙ አልገባንም ነበር። ከእነዚያ ልጆች አንዱ የነበሩ፣ ዛሬ አያት የሆኑ ምእመን መዝገቡን ስናሳያቸው ስማቸውን በጣታቸው ነክተው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም የጥምቀታቸውን ቀን ነጭ ልብስ መግዣ እንዳልነበራቸው፣ መምህራቸውም ከሱቃቸው ነጠላ አውጥተው «በዱቤ ነው፤ ስታድግ ትከፍለኛለህ» እንዳሏቸው ነገሩን። በኋላ ሥራ ይዘው ሊከፍሉ ቢሄዱ፣ መምህሩ መዝገቡን ገልብጠው አይተው «ተከፍሏል» ብለው እንደመለሷቸውም ጨመሩ።

ቁጥሮቹ የዱቤው ክፍል ገጾች ሳይሆኑ አይቀሩም። በእኒህ ምእመን ስም አጠገብ ያለው 22 ነው። በ22ኛው ገጽ ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር፣ ዕዳውን ማን እንደ ከፈለ ወይም ማን እንደ ሰረዘው፣ ገጹ በእጃችን የለም።